አርቪ ይዞ ትራክ ስቶፕ ማደር፦ የትራክ ሹፌር መልስ

የጠያቂው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የሚኖር የቤተሰብ አባት ነው፣ ለጁላይ 4 ሰሞን ዳላስ የእህቱ ልጅ ሰርግ አለ፣ 30 ጫማ የሚሆን አርቪ (አልጋና ምድጃ ያለው፣ የሚታደርበት መኪና) ተከራይቶ ሚስቱን፣ ሦስት ትንንሽ ልጆቹንና እናቱን ይዞ ሊነዳ ነው፣ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት ለማደር አስቧል። እንዲህ ይላል፦ «ካምፕግራውንዶቹ ለአንድ ሌሊት 60፣ 80 ዶላር ይጠይቃሉ፣ እኛ የምንፈልገው ጋደም ብለን መነሳት ብቻ ነው። ትራክ ስቶፕ በነጻ ያሳድራል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ነዳጅም ከነሱ ስለምንቀዳ መብታችን ነው አይደል? መኪናው ትልቅ ስለሆነ ከትራኮቹ መስመር ነው የምናቆመው? አምና ጓደኛዬ እንደዚህ አድርጎ ሹፌሮች ክላክስ እያደረጉ ሰድበውት ሄዱ፣ ምን አጥፍቶ ነው? ለእናቴስ ቡና እዛው አውርደን ማፍላት እንችላለን?»

ማደር ይቻላል፣ መብት ግን አይደለም። ትራክ ስቶፕ፣ ማለትም ትራኮች ነዳጅ የሚቀዱበትና ሹፌሮች የሚያድሩበት ቦታ፣ የግል ግቢ ነው፣ ፓይለት ይሁን ላቭስ ይሁን ቲኤ፣ የምታድረው ማናጀሩ ስለፈቀደልህ ነው፣ 100 ዶላር ነዳጅ ቀዳህም አልቀዳህም ውጣ ካለህ ትወጣለህ፣ አልወጣም ካልክ ቶው አስጠርቶ ወጪውን አንተ ላይ ነው የሚጥለው። ነዳጅ መቅዳት ጨዋነት ነው፣ እኔም ቅዳ ነው የምልህ፣ ግን የከፈልከው ለነዳጁ ነው እንጂ ለቦታው አይደለም። አብዛኞቹ ትልልቅ ካምፓኒዎች አርቪ ያስተናግዳሉ፣ አንዳንዶቹ የአርቪ ቦታ በቀለም ለይተው አስምረዋል፣ አንዳንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከነጭራሹ አያሳድርም። ከተማው ውስጥ ሕግ ካለም ማናጀሩ ራሱ መፍቀድ አይችልም። ስለዚህ አንድ ቦታ አድሬ ምንም አላሉኝም ማለት ሌላው ቦታም እንደዛ ነው ማለት አይደለም፣ በየቦታው መጠየቅ አለብህ።

ሁለተኛው ስህተት «መኪናው ትልቅ ስለሆነ» የሚለው ነው፣ ጓደኛህንም ያሰደበው ይሄ ይመስለኛል። ያንተ አርቪ 30 ጫማ ነው። እኛ የምንጎትተው ትሬለር ብቻውን 53 ጫማ ነው፣ ትራክተሩ፣ የሚጎትተው የፊት መኪና ማለት ነው፣ ሲጨመር ከ70 ጫማ ያልፋል፣ ሙሉ ጭነት ሲሆን እስከ 80 ሺህ ፓውንድ ይመዝናል። ያ መኪና የትም መቆም አይችልም፣ ሆቴል በር ላይ አይቆምም፣ ዎልማርት አብዛኛው ቦታ አያስቆመውም፣ መኖሪያ ሰፈር ከገባ ፖሊስ ይጠራበታል። አንተ ግን ሁለት የመኪና ቦታ ይበቃሃል። አማራጭ ያለው ሰው አማራጭ የሌለውን ሰው ቦታ ሲይዝበት ነው ንዴቱ የሚመጣው።

ደግሞ ንዴቱ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስልህ፣ የሕግ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ካላወቅክ ሌላውም አይገባህም። ሹፌር 10 ሰዓት ሙሉ አርፎ ሥራ ከጀመረ ያለው 14 ሰዓት ነው፣ በዛ ውስጥ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ብቻ። 14ቱ ሰዓት አይቆምም፣ መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅም ይቆጥርበታል፣ አደጋ ዘግቶት ሃይዌይ ላይ ሲቆምም ይቆጥርበታል። ድሮ በእጅ የሚሞላ ሎግቡክ ነበር፣ ከ2017 ዲሴምበር ወዲህ ግን ኢኤልዲ የሚባል ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ማሽን ነው የሚመዘግበው፣ ትራኩ በሰዓት 5 ማይል ካለፈ እየነዳ ነው ብሎ ራሱ ይጽፋል፣ ማባበል የለም።

እስቲ አስበው፣ ሰውየው ጠዋት ፔንሲልቬንያ ሎድ ሊያነሳ ሄዶ መጋዘኑ አራት ሰዓት አስቀመጠው፣ ከዛ ኢንተርስቴት 81ን ይዞ ቨርጂንያ ወረደ፣ 8፡30 ፒኤም ላይ ትራክ ስቶፕ ሲገባ (ሰዓቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስክሪኑ ላይ የቀረው 20 ደቂቃ ነው። መስመሩን ሁለቴ ዞረ፣ ሞልቷል። ከመሀል አንዱ ረጅም ቦታ ላይ አርቪ ቆሟል፣ ጎኑ ተከፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ዳስ የሚመስለው ጥላ ተዘርግቷል፣ ወንበር ወጥቷል፣ ከጀርባው ግማሹ ቦታ ባዶ ነው። ይሄ ሰው አሁን ያለው ምርጫ ወይ ሕግ ጥሶ እየነዳ ሌላ መፈለግ ነው ወይ ሃይዌይ መውጫው ዳር ራምፕ ላይ አቁሞ መተኛት ነው። ራምፕ ላይ ስቴት ትሩፐር (የሃይዌይ ፖሊስ) ሌሊት አንኳኩቶ ሊያስነሳህ ይችላል፣ ከዛ የባሰው ደግሞ የደከመው ሹፌር መጥቶ ከኋላህ ሊገባ ይችላል። ለዛ ነው ክላክስ የሚያደርጉት። መሳደቡን ልክ ነው አልልም፣ ከየት እንደመጣ ግን እወቀው።

አገሩ ላይ ያለው የትራክ ማቆሚያ እንደማይበቃ መንግሥትም ያውቀዋል። ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል ሹፌር ነበር፣ በማርች 2009 ሳውዝ ካሮላይና ወተት ሊያራግፍ ሰዓቱ ሳይደርስ ቀድሞ ደረሰ፣ የሚያቆምበት አስተማማኝ ቦታ ስላልነበረ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ አቆመ፣ እዛው ገደሉት፣ የተወሰደበት 7 ዶላር ነበር። ሚስቱ መንታ እርጉዝ ነበረች። እሷና ቤተሰቡ ታግለው በ2012 በስሙ ሕግ ወጣ፣ የፌደራል መንግሥት የትራክ ማቆሚያ እጥረቱን እንዲያጠና፣ ለማቆሚያ ግንባታም የፌደራል ገንዘብ እንዲውል የሚፈቅድ ነው። በዛ ሕግ መሠረት በተሠራው ጥናት፣ 2020 ላይ በወጣው፣ ከተጠየቁት ሹፌሮች 98 ከመቶው ደህና ማቆሚያ ለማግኘት እንቸገራለን ብለዋል። አንተን ለምን እንዲህ እንደምመክርህ ይሄ ይነግርሃል፣ እኛ ሹፌሮች ስለፓርኪንግ ስናወራ ስለዚህ ሰውዬ ነው የምናወራው።

እንግዲህ የግድ ማደር ካለብህ፣ ማለትም መሽቶብህ፣ ዝናብ ጥሎብህ፣ ወይ ዓይንህ እየተከደነ ከሆነ፣ ያኔ ግባ፣ ማንም ሰው እንቅልፍ እየያዘው ይንዳ የሚል የለም። ግን አገባቡን እወቅ። ከመድረስህ በፊት ሚስትህ ትደውል፣ «የአርቪ ማደሪያ ቦታ አላችሁ ወይ፣ የት ጋ ነው» ብላ ትጠይቅ፣ ስትደርሱ ደግሞ ገብታችሁ ካሸር ላይ ያለውን ሰው ድጋሚ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ስልኩን ያነሳው ሰው ሽፍቱን ጨርሶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በትንንሽ መኪኖች መግቢያ ነው የምትገባው፣ በትራኮቹ አይደለም። ቦታው መጀመሪያ አርቪ ተብሎ የተሰመረው፣ እሱ ከሌለ የመኪኖቹ ፓርኪንግ ጥግ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ሱቁን በማይዘጋ መልኩ። የትራኮቹ መስመር ላይ የምትገባው ሠራተኛው ራሱ እዛ ቁም ካለህ ብቻ ነው፣ ያኔም አጭሩን ቦታ ምረጥ፣ ትሬለር የሌላቸው ትራኮች የሚቆሙበት አጭር ቦታ አለ፣ በሁለት በኩል ክፍት የሆነውን ረጅሙን ቦታ አትያዝ። በቀለም ተለይቶ «ሪዘርቭድ» የተባለውን ቦታ ደግሞ ሰው በስልኩ ቀድሞ ገንዘብ ከፍሎበታል፣ ባዶ ሆኖ ብታየውም ባለቤቱ በመንገድ ላይ ነው።

ሰዓትም አለው። ትራኮቹ ከ4፣ 5 ፒኤም ጀምሮ ነው መግባት የሚጀምሩት፣ 7 እና 8 ላይ ኢንተርስቴት 81 እና 40 ላይ ያለው አብዛኛው ቦታ ይሞላል፣ ከሌሊቱ 3 እና 4 ኤኤም ጀምሮ ደግሞ መውጣት ይጀምራሉ። እንግዲህ በነጻ የሚባለው እንቅልፍ ይሄ ነው፣ ሲገቡ ባክ እያደረጉ ቲት ቲት ይላሉ፣ ብሬካቸው ሲለቀቅ ይተነፍሳል፣ ሥጋና አትክልት የጫኑት የማቀዝቀዣ ሞተራቸው ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ እየጠፋ ያድራል፣ መብራቱ ደግሞ እንደ ቀን ነው።

ግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት ንዳ። ባክ የሚያደርግ ትራክ ካየህ ርቀህ ቁም፣ እስኪጨርስ ጠብቅ፣ በጎኑ ሹልክ ልበል አትበል፣ በተለይ በቀኙ በኩል ሹፌሩ ምንም አያይም፣ ሁለት ሦስቴ ወደፊት ወደኋላ ካለ አትናደድበት አዲስ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከትራኮቹ ፊት ለፊት የምትቆም ከሆነ ትልቁን መብራትህን አጥፋና በትንሹ ግባ፣ የሰው መኝታ ላይ ነው የምታበራው፣ ከመሪው ጀርባ ያለችው ክፍል መኝታ ቤቱ ናት። ልጆቹን በተመለከተ እኔ ከምንም በላይ የምፈራው ይሄን ነው፣ ያንተ ትንሿ ልጅ ቁመቷ ከትራኩ አፍንጫ በታች ነው፣ ፊቱ ቆማ አያያትም፣ በትሬለሮች መሀል አቋርጣ ብትሮጥም አያያትም። ሽንት ቤት ሲሄዱ እጃቸው ይያዝ፣ ማታ ባትሪ መብራት ይያዝ፣ በትራኮች መሀል አቋርጦ መሄድ የለም፣ ዞሮ በእግረኛው በኩል ነው። ኳስ ይዞ መውረድ የለም።

የትራክ በር አታንኳኳ። ይሄን ለሀበሻ ነው ለይቼ የምጽፈው፣ ምክንያቱም ዛሬ መንገዱ ላይ የኛ ልጆች ብዙ ናቸው፣ መስታወቱ ላይ ባንዲራ ተንጠልጥሎ ታያለህ፣ መስቀል ታያለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ሄጄ ሰላም ልበል ትላለህ። መጋረጃው ከተዘጋ ተኝቷል ማለት ነው፣ ምናልባት ቀን ላይ ነው የሚተኛው ሌሊት ስለሚነዳ። በሌሊት የትራክ በር የሚያንኳኳ ሰው ደግሞ በደህና አይመጣም፣ ልጁ ደንግጦ ነው የሚነሳው፣ ምን ይዞ እንደሚነሳም አታውቅም። ውስጥ ሱቁ ጋር ቡና ሲቀዳ ካገኘኸው ሰላም በለው፣ ያኔ ደስ ይለዋል፣ እንጀራ ካላችሁማ የበለጠ። እንዲሁም ማንንም ሹፌር «ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አትበል፣ 10 ሰዓት እረፍቱ መሀል ላይ ትራኩን ካንቀሳቀሰ ማሽኑ መንዳት ብሎ ሊመዘግብበትና እረፍቱ ሊበላሽበት ይችላል። አቁመህ መንገዱን ከዘጋኸው ነገሩ በተቃራኒው ነው፣ አንተ ነህ የምትነሳው፣ በየትኛውም ሰዓት።

የተከፈተ የአርቪ ጎን፣ ጥላ፣ ወንበር፣ ባርቤኪው፣ መሬት ላይ የሚተከለው ጃክ፣ ይሄ ሁሉ ትራክ ስቶፕ ላይ የለም። ጃኩ በጁላይ ሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ውስጥ ይሰምጣል፣ ያስከፍሉሃል። የታጠበበትን ውሃ መሬት ላይ መልቀቅ ሕገወጥ ነው፣ «የሳህን ውሃ ነው» ማለት አያድንም፣ ማፍሰሻ ጣቢያ ያላቸው ቦታዎች አሉ ከፍለህ ታፈሳለህ። ሻወር በገንዘብ ገዝታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ንጹህ ነው፣ በር ይዘጋል፣ ለእናትህም ምቹ ነው፣ የሹፌሮች ላውንጅ የሚል ካያችሁ ግን እሱ ለኛ ነው።

ነዳጅ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ የሚከራዩት እንዳንተ ያሉ አርቪዎች አብዛኞቹ የሚሄዱት በቤንዚን ነው፣ የትራኮቹ ጎን ያለው ፓምፕ ደግሞ ናፍጣ ብቻ ነው፣ እዛ መስመር ምንም ሥራ የለህም። የእጀታውን ቀለም አትመን፣ ብዙ ቦታ አረንጓዴው ናፍጣ ነው፣ ቢፒ ማደያዎች ላይ ግን አረንጓዴው ቤንዚን ነው፣ ጽሑፉን አንብብ። ተሳስተህ ከቀዳህ ሞተሩን አታስነሳ፣ አከራዩ ጋ ደውል። ከመኪናው ቁመት ጋር የሚሆን ጣሪያ መሆኑንም እይ፣ አርቪው ከነኤሲው ከ11 ጫማ በላይ ሊሆን ይችላል፣ የራስህን ቁመት በወረቀት ጽፈህ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፍ። ከመቅዳትህ በፊት በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ አጥፋ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፣ አንተ ያላሰብከው ግን ላንተ ቤተሰብ የሚወስነው፣ ሙቀቱ። በጁላይ ቴነሲና አርካንሳስ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም፣ እርጥበቱ ደግሞ ያፍናል። አርቪ ማለት ቆርቆሮና ፋይበር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የዋለበት፣ ውስጡ ስድስት ሰው ይተኛል፣ ከነሱ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። የጣሪያው ኤሲ በባትሪ አይሠራም። ወይ ከመብራት መስመር ጋር ይሰካል ወይ ጄኔሬተር ይነሳል። አብዛኛው ትራክ ስቶፕ ላይ የምትሰካበት የለም፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከ9 ፒኤም እስከ ጠዋት ሊጮህ ነው ማለት ነው፣ አጠገብህ ያለው ሰው ደግሞ ነገ 11 ሰዓት የሚነዳ ሰው ነው። ጄኔሬተሩ በሰዓት ወደ ግማሽ ጋሎን ይበላል፣ የሚጠጣው ከመኪናው ታንክ ነው፣ ታንኩ ሩብ አካባቢ ሲደርስ መንገድ ላይ እንዳትቀር ተብሎ ራሱ ይጠፋል፣ ያውም ሌሊት 3 ኤኤም ላይ። ብዙ አከራዮች ደግሞ የጄኔሬተሩን ሰዓት ለብቻ ያስከፍላሉ፣ ኮንትራትህን እይ። ነዳጁን፣ የሰዓቱን ክፍያ፣ ሻወሩን ደምረው፣ ነጻ የተባለው ሌሊት 30 እና 40 ዶላር ገብቷል።

ገንዘቡ እንኳን ይቅር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ነገር አለ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ተኝተህ ይወስድሃል። የጄኔሬተርህ ጭስ ማውጫ በግድግዳ ወይ በሌላ መኪና ጎን ከተዘጋ ወደ ራስህ ይመለሳል። የራስህን ብታጠፋውም አጠገብህ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚያድር ትራክ ካለና መስኮት ከፍተህ ከተኛህ ያው ነው። መኪናውን ስትረከብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ተጭነህ መጮሁን አረጋግጥ፣ ካልጮኸ አትረከብ። ሰው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ልጅ አለወትሮው ከፈዘዘ ሁሉንም አውጥተህ ንጹህ አየር ላይ አቁምና 911 ደውል፣ ጠዋት ይሻለዋል አትበል።

ቡናውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከሰል አውርደህ ትራክ ስቶፕ ግቢ ላይ መለኮስ አይሆንም፣ መሬቱ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ አለ፣ የነዳጅ ታንክ አጠገብህ አለ፣ ሥራ አስኪያጁ በደቂቃ ውስጥ ይመጣል፣ የተረፈውን ፍም ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከጣልከው እሳት አስነሳህ። ዝናብ ዘነበ ብላችሁ ከሰሉን አርቪው ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ይሄን በጣም ነው የምለምንህ፣ በር ከፍተንም ቢሆን፣ ለዕጣንም ቢሆን፣ ከሰል በተዘጋ ቦታ ይገድላል፣ አገር ቤት ስንቱን ቤተሰብ እንደጨረሰ ታውቃለህ። ቡናው ቤት ተቆልቶ ተፈጭቶ ይያዝ፣ ውስጥ ባለው የጋዝ ምድጃ ላይ ጀበናዋን ጥዳችሁ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አብርታችሁ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ አፍሉ፣ ቶሎ አጥፉት። እናትህ ግን ረከቦት ዘርግተው፣ ቆልተው፣ አጭሰው ነው የሚፈልጉት፣ ያ የሚሆነው ካምፕግራውንድ ላይ ነው፣ ጠረጴዛ አለው፣ የእሳት ቦታ ተለይቶ ተሠርቷል፣ ጥላ አለው፣ ልጆቹም ይሮጣሉ።

ሌሎቹን አማራጮች ቶሎ ልለፋቸው። የሃይዌይ ሬስት ኤሪያ እንደ ስቴቱ ነው፣ ቴክሳስ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅዳል፣ ቨርጂንያና ቴነሲ ግን ገደቡ ሁለት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ያንተ መንገድ ላይ አብዛኛው ለሸለብታ እንጂ ለማደር አይሆንም፣ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብ። ዎልማርት የሚወስነው የሱቁ ማናጀርና የከተማው ሕግ ነው፣ ደውለህ ነው። ክራከር ባረል የሚባለው ሬስቶራንት ከሁሉም የሚሻል ይመስለኛል ለአንድ የድንገት ሌሊት፣ ብዙዎቹ ከጀርባቸው የአርቪ ቦታ አላቸው፣ ማናጀሩን ትጠይቃለህ፣ እራት ወይ ቁርስ ትበላለህ፣ ኢንተርስቴት 81 እና 40 ላይ ደግሞ ሞልተዋል፣ ካምፓኒው ራሱ የተመሠረተው በ1969 ሌባነን ቴነሲ ነው፣ በደጃፉ ነው የምታልፈው። ላቭስ በአንዳንድ ቅርንጫፎቹ መብራትና ውሃ የሚሰካበት የአርቪ ማደሪያ ሠርቷል፣ ቀድመህ በኢንተርኔት ትይዛለህ፣ እሱ የማንንም ሹፌር ቦታ አይነካም፣ ኤሲህም ይሠራል፣ መንገድህ ላይ ካገኘኸው ያለምንም ጥርጥር ያዝ። ከነዚህ በየትኛውም ላይ ጄኔሬተር ማስነሳቱ ግን ያው ችግር ነው፣ ላቭስ ላይ ተሰክተህ ካልሆነ።

እንግዲህ ምከረኝ ካልክ፣ ትራክ ስቶፕን ለነዳጅ፣ ለሻወርና ለማፍሰሻ ተጠቀምበት፣ አታድርበት። በሁለት ሌሊት ልግባ ማለቱንም ተወው። መንገዱ ወደ 1,300 ማይል ነው፣ በሁለት ሌሊት ከገባህ በቀን ከ430 ማይል በላይ ነው፣ አርቪ ደግሞ እንደ ካምሪ አይሄድም፣ ንፋስ ይገፋዋል፣ ልጆች ሽንት ይላሉ፣ በ81 ላይ ትራኮች ሲያልፉህ ይጎትትሃል፣ ስምንት ሰዓት ያልከው አስር ይሆናል፣ ያኔ ነው 9 ፒኤም ላይ ደክሞህ የኛ መስመር ውስጥ የምትገኘው። ሦስት ሌሊት አድርገው። የመጀመሪያው ቀን ወደ 330 ማይል ነድተህ ማሪዮን ቨርጂንያ፣ ሀንግሪ ማዘር ስቴት ፓርክ፣ ከ81 ብዙ አይርቅም፣ ሀይቅ አለው ልጆቹ ይዋኛሉ። ሁለተኛው ቀን ከኖክስቪል በኋላ ሰዓቱ ወደኋላ አንድ ሰዓት ይመለስልሃል፣ ናሽቪልን ከ3 ፒኤም በፊት አልፈህ ትራፊኩን ታመልጣለህ፣ በስተምዕራብ ሞንትጎመሪ ቤል ስቴት ፓርክ ታድራለህ። ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው፣ ሜምፊስን፣ ሊትል ሮክን አልፈህ ኢንተርስቴት 30 ላይ አርካዴልፊያ አጠገብ ደግሬይ ሌክ ስቴት ፓርክ፣ ወደ 380 ማይል። ከዛ ዳላስ ግማሽ ቀን ናት፣ ለሰርጉ ታጥባችሁ፣ ተኝታችሁ ትገባላችሁ። የስቴት ፓርኮቹ ዋጋ ካየኸው 80 ዶላር ይረክሳል ብዬ ነው የማስበው፣ ስታስይዝ መብራት ያለው ሳይት በል፣ ላንተ መኪና 30 አምፕ የሚባለው መሰኪያ ይበቃል፣ የመኪናውን ርዝመትም ንገራቸው አንዳንዱ ሳይት አጭር ነው።

ጁላይ 4 ስለሆነ እነዚህ ቦታዎች ቶሎ ይሞላሉ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ያዝ፣ አንዱ ከሞላብህ በዛው አካባቢ የግል አርቪ ፓርክ ወይ ኬኦኤ የሚባሉትን ካምፕግራውንዶች ፈልግ እንጂ ዕቅዱን ወደ ትራክ ስቶፕ አትመልሰው። የየቀኑን መድረሻህን 5 ፒኤም አድርገው፣ ከዛ የሚያልፍ ከመሰለህ 3 ፒኤም ላይ ሚስትህ ማደሪያው ጋ ትደውልና ዘግይተን ነው የምንገባው ትበላቸው፣ ቢሮው ቢዘጋም ብዙ ቦታ የሳይት ቁጥራችሁን በር ላይ ለጥፈውላችሁ ይሄዳሉ።